የግራ ጉልበት ትንቢት

እኔና ፓስተር ባለቤቴ ለአገልግሎት ሎስ አንጀለስ ስንመጣ እሱ የጠበቀው የነፍሳት መከር ነበር። እኔ ቢያንስ የራሳችን አዳራሽ ይኖረናል ብዬ ነበር። ያገኘነው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ያለ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን፤ ምንጣፉ ላይ በትነውት የሚሄዱትን የብስኩት ፍርፋሪ ቫክዩም የማደርገው እኔ ነኝ። ምእመናኑ ግን "እናታችን" ይሉኛል፤ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሳይቀሩ።

በሳምንቱ ውስጥ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ባልድዊን ሂልስ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንከባከባለሁ። የቀረን ጊዜ የሰው ነው። አንዱን ኤርፖርት እናደርሳለን፣ ለሌላው በስልክ እናስተረጉማለን፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ሲዘላለፉ እንሰማለን። ይህን ማንም አገልግሎት አይለውም። አገልግሎት የሚባለው ማይክ የያዘ ሰው የሚሠራው ነው።

ማይክ የሚይዘው ሰው ባለፈው ዓመት መጣ። ሽማግሌዎቻችን "ቤተ ክርስቲያናችን ቀዝቅዛለች፣ እሳት ያስፈልጋታል" ብለው ከአውሮፓ አንድ ነቢይ ጋበዙ። ሆቴል ይያዝለት ያለ አልነበረም፤ የፓስተሩ ቤት አለ። የፓስተሩ ቤት ሚድ ዊልሻየር ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ናት። አልጋችንን ለቀንለት እኔ ሶፋ ላይ፣ ባለቤቴ መሬት ላይ ተኛን።

ሽንኩርት አይስማማኝም አለ፤ ያለ ሽንኩርት ሠራሁለት። በማግስቱ "ወጡ ጣዕም የለውም፣ እኅቴ" አለኝ። ጸሎት ላይ ነኝ ብሎ በር ዘግቶ እስከ ቀትር ይቆያል፤ ማንኮራፋቱ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ነጭ ሱፉን ለብሶ ባለቤቴን ሚራክል ማይል እስከሚባለው ሰፈር አስነዳውና ሙዚየም ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ አስነሳው። "ይሄኛው ሆዴን አጎላው፤ ሌላ አንሳ" ይለዋል። ባለቤቴም ያነሳል።

እራት ላይ ግን ጨዋታ ይወዳል። "እኅቴ፣ እስቲ ስለ መንጋው አጫውችኝ። ማን ምን ሸክም አለበት? እንድጸልይበት ነው።"

እኔም ሞኟ አጫወትኩት። እትዬ የምንላቸውን አንዲት አረጋዊት አነሳሁ። ዕድሜያቸውን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ጉልበታቸው አልቋል። ሐኪም ኦፕሬሽን ቢላቸውም ፈርተው ያመነታሉ። "የግራ ጉልበታቸው ነው" አልኩት። ተሳስቼ ነው፤ የሚያማቸው ቀኙ ነው። ከመኪና ሲወርዱ ፊት ለፊት ቆሜ ስለምይዛቸው የታመመው እግር በኔ ግራ በኩል ነው የሚውለው።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ኪቦርዱ ለስለስ ሲል ነቢዩ ዓይኑን ጨፈነ። "አንዲት እናት ይታዩኛል። በሰው አገር የብዙ ሰው አልጋ ያነጠፉ እናት። ጌታ የግራ ጉልበትዎን እያሳየኝ ነው።"

ሰዉ ጮኸ። እኔ "ግራ" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ራእዩ ከኔ አፍ ከምስር ወጥ ጋር የወጣ ነው፤ ስህተቴን እንኳ አላራገፈውም።

እትዬ ወንበር ተደግፈው ተነሡ። ክፋት የማያውቁ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ እኔን የሚያመኝ ቀኙ ነው" አሉት።

አለቀለት ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። "አውቃለሁ፣ እናቴ። ቀኙንማ ሐኪም አይቶታል። ጌታ የሚያሳየኝ ጠላት በግራው ላይ ያዘጋጀውን ነው። ዛሬ ሳይጀምር ተነቀለ።"

እልልታው ቀለጠ። የተማሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ኮሌጅ የላኩ ሰዎች፣ ጤነኛ ጉልበት ተፈወሰ ብለው ዘለሉ። የታመመው እንደታመመ ቁጭ አለ።

ስንመለስ ነቢዩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። "ግራ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ" አልኩት። "ተሳስቼ ነበር።"

ዞርም አላለም። "እኅቴ፣ ጌታ በማንኛውም ዕቃ ይጠቀማል። በአንቺም ጭምር።"

ባለቤቴ መኪናውን ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። "ነቢይ፣ በሚመጣው እሁድ የምሰብከው እኔ ነኝ" አለው።

"የጋበዙኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው።"

"እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ቤት ይደሩ።"

ባለቤቴ ለሰው እንዲህ ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም ብል አልዋሸሁም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወሰደው። የሽማግሌው ሚስት ሳምንት ሳይሞላት ደወለችልኝ። "ሶ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?" አለችኝ። "ለኔ አልተገለጠልኝም" አልኳት።

አልሄደም። እዚያው ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ ከሰዎቻችን ግማሹን ወሰደ። እትዬም አብረው ሄዱ። ግን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲደርስ የደወሉት ለኔ ነው።

"እነዚያ አያደርሱዎትም እንዴ?" አልኳቸው።

"ቢዚ ናቸው፣ ልጄ። ጾም ጸሎት ይዘዋል።"

ይዣቸው ሄድኩ። መንገዱ ተጨናንቆ ቆመን ሳለ አላስቻለኝም። "እትዬ፣ መሳሳቱን እኮ እርስዎ ራስዎ ነግረውታል። ታዲያ ምን ብለው ተከተሉት?"

"መሳሳቱንማ አውቃለሁ። ባለቤትሽ ደግ ሰው ነው፤ ጌታ ይባርከው። ግን አንድም ቀን ሰው ፊት አስነሥቶኝ አያውቅም። ያ ሰው አስነሣኝ። ስንት ዓመት አልጋ ሳነጥፍ ማን አየኝ?"

እኔ አይቼዎታለሁ ልል ነበር። ደረጃ ያወጣኋቸው፣ መድኃኒታቸውን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። ግን ማይክ አልነበረኝም። መንገዱ ሲከፈት ነዳሁ።

በመጨረሻ ኦፕሬሽን ተደረጉ፤ ቀኙን። ዳኑም። ምስክርነቱን የሰጡት ግን እዚያኛው አዳራሽ ነው። ነቢዩ አጠገባቸው ቆሞ "አላልኩም ነበር?" ሲል፣ ሕዝቡ አሜን ሲል፣ ቪዲዮውን ሰው ላከልኝ። ለባለቤቴ አሳየሁት። አይቶ "እንኳን ዳኑ" አለ፤ እሱ ከልቡ ነው። እኔም እንኳን ዳኑ ብያለሁ። ለዚያ ሰው ግን አሜን የሚል አፍ የለኝም።