ሁለት ማመልከቻ ለአንድ ክር ጠባቂ

እኛ ቤት ክስ አይተውም። በግ ይወለዳል፣ ይሸጣል፤ ገብስ ይዘራል፣ ይበላል፤ ክስ ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አባቴ ርስት የሚባለው ነገር ሲቀር ገና ጎረምሳ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ የአባታቸውን ስንቅ ተሸክመው ከችሎት ችሎት ሲዞሩ ነው ያደጉት። ከዚያ ዘመን የቀራቸው መሬት ሳይሆን ትምህርት ነው። መሬት የሚጠይቅ ሰው በአንድ በኩል ብቻ አይጠይቅም፤ በአባቱ ቆጥሮ ይገባል፣ በእናቱም ቆጥሮ ይገባል፣ ወንድሙ ደግሞ ለብቻው ይገባል። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይከፈታል። "አንድ ክስ ያለው ሰው ክስ የለውም" ይላሉ እስከ ዛሬ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚባልም አለ፤ ግን እኛ ቤት የሚጠቀሰው የእሳቸው ብቻ ነው።

እኔ መካከለኛዋ ነኝ፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ታላቄ ብየዳና ቶርኖ ይሠራል፣ ብረት ይታዘዝለታል። ታናሼ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሁለቱ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲተራረቡ ይውሉና ማታ ቁልፉን የሚዘጋው ማን ነው በሚለው ላይ ይጣላሉ። እንዲያ ያለ ጠብ ደስ የሚል ጠብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በበግ ፀጉር ነው። ሞላሌ ያሉ ሴቶች በማኅበር ሆነው ፀጉር በማሽን እየፈተሉ ለአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያቀርቡ ነበር፤ ማሽኑን የገጣጠሙላቸው ወንድሞቼ ናቸው። ክሩ ግን አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ ይሰልላል። የሰለለው ፋብሪካ ሲደርስ ይበጠሳል፣ ይመለሳል። ታናሼ ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ትንሽ መብራትና ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር ጎን ለጎን አድርጎ ገጠመ። መብራቱ ክሩን መትቶ ሲመለስ ሴንሰሩ ውፍረቱን ያውቃል፣ ከሰለለ ማሽኑ ይቆማል። በነጭ ፀጉር ደህና ሄደ። በጥቁር ግን እምቢ አለ። የእኛ አገር በግ ደግሞ ጥቁሩ ይበዛል፤ ጥቁር ፀጉር ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም።

አንድ ቅዳሜ እነሱ ጋ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም በዚህ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው። "የሚመለሰውን ብርሃን ምን አስጠበቃችሁ?" አልኳቸው። "ሴንሰሩን ከመብራቱ ፊት ለፊት አድርጉትና ጥላውን ለኩ። ጥላ ነጭ ጥቁር አይልም።" ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ክር ጠፍጠፍ ስለሚል በአንድ በኩል ሲያዩት ወፍራም፣ በሌላ በኩል ቀጭን እንደሚመስል፣ ስለዚህ ሁለት ጥላ በመስቀልኛ ቢለካ እንደሚሻል ነገርኳቸውና ወደ እርማቴ ተመለስኩ። ታናሼ ሽቦውን አገናኘ። ታላቄ የፀጉሩ ቅባትና ብናኝ እንዳይሸፍነው በትንሽ ማራገቢያ የሚነፋ የብረት ቤት አበጀለት። ከዚያ በኋላ ጥቁርም መጣ ነጭ፣ የሰለለ ክር አላመለጠውም። ክር ጠባቂ አልነው።

የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ድረስ መጥቶ አየው። አንዱን ለሙከራ ወሰደና ከወራት በኋላ ደወለ። በማሽኖቻቸው ሁሉ ላይ ሊገጥሙት ይፈልጋሉ፣ የሚሠሩላቸውም ወንድሞቼ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ላይ አለቆቹ ውል አይፈርሙም። "ፓተንት አውጡና ኑ" አለ። ያ ወረቀት ቢመጣ ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሥራ በእጃቸው ነው። ካልመጣ ዕቃው ሜዳ ላይ የተጣለ ነው፣ ያየ ሁሉ ቀድቶ ይሠራዋል። ነገሩ ይኼን ያህል ግልጽ ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። ስንት ዘመን የሚሟገቱበት ነገር አጥተው ከርመው! የማመልከቻው ዋና ክፍል ፈጣሪው "ከዚህ እስከዚህ ያለው የእኔ ነው" ብሎ የሚወስንበት መሆኑን ስነግራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዳመጡት።

"ወሰን ድንጋይ መትከል ነዋ" አሉ።

"አዎ፣ እንደዚያ ነው።"

"እንግዲያው ሁለቱም በየስማቸው ይትከሉ። ትልቁም ለብቻው ይግባ፣ ትንሹም ለብቻው ይግባ። ያንዱን ቢጥሉበት የሌላው ይቆማል።"

"አባዬ፣ ዕቃው እኮ አንድ ነው። አንድ ማመልከቻ አድርገን የሁለቱንም ስም እናስገባ።"

"ወንድማማች ባንድ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ነገ ሚስቶቻቸው ሲቀዳድዱት ይኖራሉ። አንቺ ቃላቱን ለዋውጪና ጻፊው።"

ወንድሞቼን አየኋቸው። ታላቄ መሬት መሬት ያያል፤ ታናሼ ስልኩን ይነካካል። ሁለቱም የየራሳቸው ወረቀት እንዲኖራቸው ደስ ብሏቸው ነበር፣ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ጻፍኩ። በአንዱ "ብርሃን መቀበያ" ያልኩትን በሌላው "ጥላ መለኪያ" አልኩ፣ የብረት ቤቱን ደግሞ በአንዱ "መኖሪያ" ብዬ በሌላው "ሽፋን" አልኩ። ተማሪዎቼ ከጓደኛቸው ሲኮርጁ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ዜሮ ነው የምሰጣቸው። ሁለቱን ማመልከቻ ይዤ አዲስ አበባ ፓተንት መሥሪያ ቤት ሄጄ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት አስገባሁ።

የፓተንት መርማሪዋ ስትደውልልኝ ክፍል ልገባ ነበር። በሁለቱም ላይ ለመልስ የተጻፈው የእኔ ስልክ ነው። ድምፅዋ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት አላት። ለአንድ ፈጠራ ሁለት ፓተንት እንደማይሰጥ፣ ሁለቱ ማመልከቻዎች ቃላቸው ቢለያይም የሚያጥሩት አንድ ማሳ መሆኑን ነገረችኝ። በአንድ ቀን ስለገቡ ደግሞ ይኼ ይቀድማል ማለት አይቻልም። ወይ ተስማምተው አንዱን ይተዉ፣ ወይ በአንዱ ላይ ሁለቱም ስማቸውን ያስገቡ። እስከሚሰጣቸው ቀነ ገደብ ካልተስማሙ ሁለቱም እንደተተዉ ይቆጠራል። ይህንኑ በደብዳቤም ላከችው።

"ወንድማማቾች ናቸው አይደል?" አለችኝ። "እንግዲህ ቀላል ነው።"

ልጅቷ መንዝን አታውቅም።

"ሌላ ሐሳብ ያዋጣ ሰው አለ?" ብላም ጠየቀችኝ። "ሐሳብ ያዋጣ ሁሉ ስሙ መግባት አለበት።"

"የለም" አልኳት። ሁለቱ ሊናከሱ ባሰፈሰፉበት ሦስተኛ ሆኜ ልግባ? ደግሞ ያን ቅዳሜ የተናገርኩትን እነሱ ራሳቸው አንድ ቀን ያነሱታል ብዬ እጠብቅ ነበር። ሞኝነት ነው። ወንድሞቼ ያን ሐሳብ የሰሙት እንደ ዝናብ ድምፅ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ሁለቱም የእኔ ይቅር ስላላሉ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ክር ጠባቂውን አይተውት አያውቁም፤ ግን የወንድማማች ክርክር መሆኑን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ነው የተቀመጡት። ታላቄ ተነሥቶ በኩር መሆኑን ተናገረ። የብረት ቤቱ ባይኖር ሴንሰሩ በሳምንት በቅባት እንደሚታወር ተናገረ። ታናሼ ተነሥቶ ሽቦውንም ሴንሰሩንም ያገናኘው እሱ መሆኑን፣ ቆርቆሮ ማጠፍ ማንም እንደሚችል ተናገረ። ቆርቆሮ የሚለው ቃል ላይ ታላቄ ቆሞ ነበር፣ ይዘው አስቀመጡት።

ከዚያ እኔን ለምስክርነት ጠሩኝ።

"ልጄ፣ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ የሰጠሽው የማንኛቸውን ነው?"

"ሁለቱንም ባንድ እጄ ነው የሰጠኋቸው።"

"እሺ፣ ከላይ የነበረው የማን ነው?"

"አባቶቼ፣ ከላይ መሆን ከታች መሆን ለውጥ የለውም። መርማሪዋ በአንድ ቀን ነው የገቡት ብላለች።"

"እሱን እኛ እናየዋለን። አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።"

አላስታውስም አልኩ። ታላቄ ለታናሼ አድልታ ነው አለ፣ ታናሼ ለታላቄ አድልታ ነው አለ፤ በዚያ ክርክር ሙሉ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። አባቴን ዞር ብዬ አየኋቸው። አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው አንዱ ሲናገር አንዱን፣ ሌላው ሲናገር ሌላውን ያያሉ። ልጆቻቸው አፍ ስላላቸው ኮርተዋል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም፣ እኔም እንደዚያ ቀን ተናድጄባቸው አላውቅም።

በሦስተኛው እሁድ አንድ ቄስ፣ አገልግለው የደከሙ ሰው፣ መርማሪዋ ያለችውን መልሰው አሉ፦ አንዱ ወረቀት ይቅርና በሌላው ሁለቱም ይስፈሩ። ሁሉም "እግዚአብሔር ይስጥዎ" አለ። ተስማሙ ብዬ እንባዬ መጣ። ታላቄ እንደተቀመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የማን ስም ነው የሚቀድመው?" አለ።

እዚያው ቆሜ ለመርማሪዋ በእጅ ስልኳ ደወልኩ፤ እሁድ ቢሆንም አነሣችው። መብታቸው እኩል መሆኑን፣ የስም ቅደም ተከተል ምንም እንደማይለውጥ ነገረችኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ ለጉባኤው ነገርኩ። አባቴ በዚያ ሁሉ እሁድ የተናገሩት ያኔ ብቻ ነው።

"ምንም ካልለወጠ" አሉ፣ "ለምን አንዱን ከላይ ይጽፉታል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ሆኖ አገኙት። ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ።

የሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርስትና። መርማሪዋን ለምኜ አንድ ጊዜ ቀኑን አራዘመችልኝ፣ ደግማ ግን ሕጉ አይፈቅድልኝም አለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተመላለስኩ። ታላቄን በር ላይ ቆሜ "ስለ እናታችን ነፍስ ብለህ ተው" አልኩት። "እኔ ልተው?" አለኝ። "ትናንት ያሳደግሁት ልጅ ሳይተው እኔ ልተው?" ታናሼም ጋ ሄድኩ። "እቴ፣ እኔ ብተው ዕድሜዬን ሙሉ የእሱ ተቀጣሪ ነኝ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታላቄም እውነቱን ነው፤ ሁለት እውነት ይዤ በጭቃ ውስጥ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚሉት የአገሬ ሰዎች አንድ ጣት የምታህል መብራት ላይም እንደማይቀልዱ ያኔ ገባኝ።

ቀኑ አለፈ። ሁለቱም ማመልከቻ እንደተተወ ተቆጠረ። እንደገና እንዳናመለክት ደግሞ ዕቃው ፋብሪካ ገብቶ ማንም አይቶታል፣ አዲስ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የፋብሪካው ኃላፊ ለመጨረሻ ጊዜ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለሙከራ የወሰዱትን ዓይተው የእነሱው ባለሙያዎች እየሠሩት ነው። ከልካይ የለም። ሰውየው ቀማኛ አይደለም፣ ባለቤቱን አምጡ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኖናል። ወንድሞቼ የቆርቆሮ ቤቷን መሐሏን በግድግዳ ከፍለው በሁለት በር ይገባሉ። ገበያ ቀን ሰላም የሚባባሉት ሰው ካያቸው ብቻ ነው። ልጆቻቸው ሁለቱም እኔ የማስተምርበት ክፍል ናቸው፤ አብረው አይቀመጡም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አባቴ አስጠሩኝ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከሲታ ሆነዋል። ሐዘናቸው ይሆናል ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሻል?" አሉኝ። "ይግባኝ እንጽፋለን።"

"ይግባኝ የለውም አባዬ። አልቋል።"

"ይግባኝ የሌለው የእግዜር ፍርድ ብቻ ነው። በይ ጻፊ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልያዘው፤ ያንን ጥላውን ለኩ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማነው? ትልቁ ነው ትንሹ?"

ይኼን ጥያቄ ከዚያች ከማላውቃት መርማሪ በቀር አንድ ሰው ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሽማግሌ አልጠየቀም፣ ወንድሞቼ አልተጠያየቁም።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ሁለቱን ጥላ በመስቀልኛ ማድረጉንም እኔ ነኝ ያልኩት። እነሱ ሠሩት።"

ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ። አንድ ቃል ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። በድለንሻል ባይሉኝ እንኳ፣ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ብለው ቢያዝኑልኝ ይበቃኝ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጠጋ አልኩ።

"ምነው ያኔ በተናገርሽ ኖሮ!" አሉ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየመቱ። "ሦስት አድርገን እናስገባ ነበር።"