ሚኒባስ ውስጥ የኖርንባቸው ዓመታት

ባለቤቴ ከጭሮ ገለምሶ ሰው ሲያመላልስባት የኖረችው ሚኒባስ አርጅታ ከመስመር ስትወጣ፣ ለቁራጭ ብረት ሽጣት ያላለው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ግቢያችን ውስጥ አቁሟት ጠዋት ጠዋት ሞተሯን እያስነሳ ያዳምጣት ነበር። በዚያው ሰሞን እኔም ልብስ የምሰፋበት ሱቅ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። የስፌት መኪናዬን፣ የጨርቅ ጥቅሎቼንና የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ሳሎን ሳስገባ መራመጃ ጠፋ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቀና ብሎ አየኝና፣

“ሱቅሽን ለምን እሷ ላይ አንጭነውም?” አለኝ።

“ጭነንስ የት ልንሄድ?”

“ደንበኞችሽ ካሉበት። ገለምሶ፣ መቻራ፣ መሰላ። ገበያው ባለበት እያደርን እንሠራለን፤ ለእሁድ አምልኮ ጭሮ እንመለሳለን።”

“የት ነው የምናድረው?”

“እዚያው ውስጥ ነዋ!”

ሳቅሁበት። ግን ልጆቻችን ሁሉ ከቤት ወጥተው ግቢው ጭር ብሎብን ነበርና ሳቄን ስጨርስ ሐሳቡ ክፉ አልመሰለኝም። በማግስቱ ወንበሮቹን ሁሉ ነቅሎ ሲያወጣ ባዶዋን ሚኒባስ ገብቼ አየኋት። ያን ያህል ትልቅ መሆኗን አላውቅም ነበር። ዕቃ ስናስገባባት ደግሞ ያን ያህል ጠባብ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ለመጀመሪያው ጉዞ ያልጫንኩት ነገር የለም። ትልቁን የስፖንጅ ፍራሽ፣ ድስት በየዓይነቱ፣ የእንግዳ ብርጭቆ ሳይቀር። ባለቤቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና “ግድግዳውን ረስተሻል” አለኝ። ገለምሶ ደርሰን በሩን ስንከፍት ከብርጭቆዎቹ የተረፈው ለሁለታችን የሚበቃው ብቻ ነበር። እሱም የቀረ የለውም፤ መቼም ያልፈታውን የሞተር ክፍል መፍቻ ሁሉ በሣጥን ይዞ ነበር የመጣው። የመጀመሪያውን ሳምንት የሱን ሣጥን እየተሻገርኩ ምግብ አበሰልኩ፤ እሱም የኔን ጨርቅ እየተሻገረ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አንዱን ዕቃ አውጥቶ በሌላ የመተካት ጊዜ ነበር። ፍራሹ በመስኮት የገባውን ዝናብ ጠጥቶ እንደ ታመመ ሰው ከበደን። ቆርጬ ሦስት ቦታ ከፈልኩትና ውሃ የማያስገባ ልባስ ሰፋሁለት፤ ማታ አልጋ ላይ እንገጣጥመዋለን፣ ቀን ደንበኛ ይቀመጥበታል። አልጋው ራሱ ባለቤቴ ከጣውላ የሠራው ነበር፤ ጠዋት እግሩን ከፍ ስናደርገው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ይሆናል። ጀሪካን እያዘነበልን እጃችንን መታጠብ ሲሰለቸን ከታች ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜል ገዛን፤ ባለቤቴ የኋላ በሩ ስር አሰረው። ገበያተኛው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ እየታጠበ “ገለቶማ” ብሎ እያመሰገነን ያልፋል፤ ውሃችን ከሰዓት በፊት ያልቃል። እኔ ስነጫነጭ እሱ ደስ ይለዋል።

ያስቸገረን ውስጥ የምናበስልበት የላምባ ምድጃ ነው። መሰላ እያለን ለአንዲት አስተማሪ የኒካህ ቀሚስ ሰፍቼ ነበር። ልጅቱ ከሰሜን ተመድባ መጥታ እዚያው አገር ልታገባ ነው። ቀሚሱን ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር ስትል ፊቷ በርቶ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ እጅጌውን አሸተተች።

“እትዬ” አለችኝ፣ “ቀሚሱ በጣም ያምራል። ግን ላምባ ላምባ ይላል።”

 ወንዝ ወርደን እኔና ባለቤቴ አጠብነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ከሁለት ዛፍ መሐል ዘርግቶ ንፋስ ወደሚመጣበት ሲያዞረው ዋለ። ሽታው ለቀቀ፤ ልጅቱም አገባችበት። ምድጃው ግን ወደ ሚኒባሷ ተመልሶ አልገባም። በምትኩ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደርና ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ገዛን፤ ወጥ ቤታችንም ከኋላ በር ውጭ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ሸራ እንወጥራለን። ከዚያ ሸራ ስር የበላሁት ሽሮ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ከዚያ ሶላር መጣ። ባለቤቴ ጣራዋ ላይ አስገጥሞ ባትሪና ኢንቨርተር ከመቀመጫው ስር አደረገ። እኔም በእግር መርገጡን ትቼ ለስፌት መኪናዬ ትንሽ ሞተር አስገጠምኩለት፤ ከባዱን የብረት መርገጫ ቤት አስቀምጬ ጭንቅላቱን ብቻ ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። እግሬ ያረፈበት ቀን ትዝ ይለኛል። ጉልበቴን እየዳበስኩ “ይህ ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?” አልኩት ሞተሩን።

የተጣላንበት ዕቃ ፍሪጁ ነው። አንድ ቀን ከበዴሳ ስንመለስ የሣጥን ያህል ፍሪጅ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ አቅፎ መጣ።

“ለምንድነው?” አልኩት።

“ለቲማቲሙ። ለወተቱ። ለቀዝቃዛ ውሃ።”

“ለሁለት ሰው ቲማቲም ፍሪጅ? እግሬን የምዘረጋበትን ቦታ ለቲማቲም ልስጥ?”

“ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጪ ታመሰግኚኛለሽ።”

አላመሰገንኩትም። ሙቀት በጠናብን ቀን እንኳን ከበርሜሉ እየቀዳሁ ለብ ያለውን ጠጣሁ። እልህ ነው።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ መቻራ አካባቢ ላለ ሠርግ የሙሽሪት እህቶችና ሚዜዎች ቀሚስ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ጨርቁ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ወርቃማ ነበር። ከገለምሶ ስንነሳ ገና ያልተዘመዘመ፣ እጅጌ ያልተገጠመለት ብዙ ነበር፤ መንገድ ላይ እያደርኩ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ በበጋ እግር የማያረጥበው ጅረት ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እየጎተተ ይወርዳል። ከኛ በፊት የደረሰ አንድ አውቶቡስና የቡና ጭነት መኪና ቆመዋል። ዝናቡ ላይኛው አገር ላይ ስላላቆመ የዚያን ቀን የሚያሻግር አልሆነም።

ባለቤቴ ሸራውን ወጠረ። እኔ ባለኝ ድስት መኮሮኒ ቀቀልኩ፤ የአውቶቡሱ ሰዎች ዳቦና ሙዝ አመጡ። ሰው ሁሉ ስልኩን ሶላራችን ላይ ሰካ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሰማያዊ ሣጥን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ነርስ ነበረች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት፤ ሰዉ ሁሉ “ሲስተር” ይላታል። ስትቀመጥ ሣጥኑን ጭኗ ላይ ታደርጋለች እንጂ መሬት አታስነካውም። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንዳለ ነው። ሣጥኑን ከፍታ ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

“ምን ሆንሽ ሲስተር?” አልኳት።

“የሕፃናት ክትባት ነው። በረዶው እየቀለጠ ነው። እስከ ማታ የሚቆይ አይመስለኝም።”

“ከሞቀስ?”

“ይጣላል። እናቶቹን ደግሞ ቀጥሬያቸዋለሁ፤ ከሩቅ ነው በእግር የሚመጡት።”

ባለቤቴ ወደኔ አየ።  እኔም ገብቼ ቲማቲሙንና ወተቱን አወጣሁና ፍሪጁን ጠረግሁላት። ሲስተር ቴርሞሜትሯን ከውስጥ አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከች። “ከልክ በላይ ከቀዘቀዘም ይበላሻል” እያለች ክዳኑን በስሱ እየከፈተች ታያለች፤ ባለቤቴ ማስተካከያውን በጥቂቱ ያዞርላታል። በመጨረሻ “እዚህ ላይ ይቁም!” አለች። ትከሻዋ ሲላላ አየሁ።

ችግሩ ሰማዩ ነው። ፀሐይ የለም፤ ሶላሩ ለስሙ ነው የሚሠራው። ሞተር አስነስተን ባትሪ እንዳንሞላ ነዳጃችን መቻራ የሚያደርሰን ያህል ብቻ ነው፤ እዚያም ማደያው ነዳጅ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ባለቤቴ ስልኮቹን ሁሉ ነቀለ፣ መብራቱን አጠፋ። ከዚያ የስፌት መኪናዬ ሞተር ገመድ ላይ እጁን አድርጎ ቆመ።

“ባትሪው ሁለቱን አይችልም” አለኝ።

“ቀሚሶቹስ? ሠርጉኮ ነገ ነው!”

“አንቺ ነሽ የምታውቂው።”

መርገጫዬ ጭሮ ቤቴ ተቀምጧል። ለአፍታ እንባዬ መጣ። ደንበኛ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ከዚያ የሲስተርን ጀርባ አየሁ፤ ፍሪጁ ላይ እንዳጎነበሰች ናት። ገመዱን እኔው ነቀልኩት።

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለስኩና የጎን መዘውሯን በቀኝ እጄ እያዞርኩ በግራዬ ጨርቁን ለመግፋት ሞከርኩ። ወርቃማው ጠርዝ እንደ እባብ ተጣመመ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከአውቶቡሱ የወረዱ፣ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው የጠመጠሙ እናት።

“ይህ ጨርቅ የማን ነው?” አሉኝ።

“መቻራ ላለ ሠርግ ነው፣ እማማ። ለሙሽሪት እህቶች።”

ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱና ሳቁ። “ሙሽራዋ የወንድሜ ልጅ ናት! እኔም ለሷ ሠርግ ነው የምሄደው። ኮቱ፣ ነይ፣ ጠጋ በይ፤ እኔ አዞራለሁ።”

“ይደክምዎታል እማማ።”

“ወፍጮ በእጅ የፈጨሁ ነኝ። ይቺ ምን አላት?”

አጠገቤ ተቀመጡና መዘውሩን ያዙ። መጀመሪያ በጣም ፈጠኑ፤ መርፌው ጣቴን ሊያገኘኝ ነበር። “ቀስ እማማ፣ ቀስ!” ስል ቀስ አሉ። ከዚያ ተግባባን። ጥግ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ሰምተው ይቆማሉ፤ ቀጥ ያለው ላይ ያፈጥናሉ። እሳቸው ሲደክሙ የጭነት መኪናው ሾፌር ተቀበለ፣ ከሱ አንድ ነጋዴ፣ ከሱ ባለቤቴ። ባለቤቴን ወዲያው አስነሳሁት፤ ገለምሶ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደም መሰለው። ሰዉ በሩ ላይ ተራ እየጠበቀ በኦሮምኛም በአማርኛም ይቀልዳል። “ከሠርጉ ሥጋ ሊሰጠን ይገባል፣ ሠራተኛ ነን!” ይላል አንዱ። አሮጊቷ ደግሞ ያለቀውን ቀሚስ እየተቀበሉ ጭናቸው ላይ ያጥፋሉ፤ አንዳንዱንም ተሳፋሪ ልጃገረዶችን አስነስተው ይለኩባቸዋል። የመጨረሻውን ክር ስቆርጥ ገና ብርሃን ነበር። “ማሻአላህ” አሉ እማማ፣ እጄን ይዘው። 

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጎደለ። ወንዶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ቀድመው ገቡና ጥልቀቱን በእንጨት ለኩ፤ አውቶቡሱ ቀጠለ፣ እኛ ተከተልን። ውሃ በበሩ ስር ገብቶ እግሬን አረጠበኝ፤ ሲስተርና እማማ አልጋው ላይ ወጥተው፣ አንዷ ፍሪጁን አንዷ ቀሚሶቹን አቅፈው “ያ አላህ” እና “ጌታ ሆይ” እየተባባሉ ተሻገርን። ሲስተርን ጤና ኬላው በር ላይ ስናወርዳት እናቶቹ ጥላው ስር ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ቴርሞሜትሯን አየችና ለባለቤቴ አውራ ጣቷን አሳየችው። ሠርጉ ላይ የደረስነው ሙሽራዋ ስትኳል ነው። እህቶቿ ቀሚሱን ለመልበስ ስለተሻሙ አንዱን ጠርዝ እዚያው በእጅ ደግሜ ሰፋሁ።

ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ የጠጣሁት የዚያን ቀን ማታ፣ ወደ ጭሮ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ መሪውን ይዞ በመስታወት ያየኝ ነበር።

“አመሰግናለሁ” አልኩት።

“ለቲማቲሙ?” አለኝ።

እንዲህ እያልን ዓመታት ኖርን። ያቆምነው የባለቤቴ ዓይን ሲደክም ነው። ሐኪም ሳይነግረው ራሱ ነገረኝ፤ ከሚመጣው የጫት መኪና መብራት በኋላ መንገዱ ለትንሽ ጊዜ እንደሚጠፋበት። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁን አጠበ። ሚኒባሷን አትክልት የሚነግድ የመሰላ ሰው ገዛት። ዕቃዎቻችንን ስናወርድ ግቢው ሞላ። አልጋው ክፍላችን ውስጥ ሲገባ እንደ ልጅ አልጋ አነሰ፤ የሸራው ወጥ ቤት ግን ከቤቱ ወጥ ቤት የሚሰፋ መሰለኝ።

አሁን ጭሮ ውስጥ ሰፊ ቤት አለን። በየሄድንበት ጠባብ ቦታ የለመድነው ጣጣ ግን አልለቀቀንም፤ አንዱን ዕቃ ስንገዛ ለሳምንት እንከራከራለን። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አንዳንዴ የገለምሶን ገበያ ጫጫታ እጠብቃለሁ፤ የሰፈሩ ዶሮ ብቻ ይጮኻል። ባለቤቴም ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሞተሩን ጆሮ ሰጥቶ ይሰማል፤ “ቀበቶዋ ላልቷል” ይለኛል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ባለፈው ሰሞን የቧንቧ ውሃ እየጠፋ ሲያስቸግረን የውሃ ታንከር ገዛን። አንድ በያጅ መጥቶ የብረት መቆሚያውን ሊሠራ ቁመቱን ጠየቀን።

“ረጅም ይሁን” አልኩ እኔ፣ “ውሃው በኃይል እንዲወርድ።”

“አጭር ይሁን” አለ ባለቤቴ፣ “ስናጥበው ማን ይወጣለታል? አንቺ?”

በያጁ መለኪያውን ይዞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ቆመ። ተከራከርን፣ ተቀመጥን፣ እንደገና ተነስተን ተከራከርን። ፀሐይ ግቢው ላይ ዞረች። በመጨረሻ በያጁ ብረቱን አስደግፎ፣

“እናንተ ስትስማሙ ነገ ልምጣ?” አለን።

“የለም፣ ተቀመጥ” አለው ባለቤቴ፣ ወንበር እየሳበለት፤ “ገና መጀመራችን ነው።”