የጓደኛዬ ግንባር

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን እኔና ጓደኛዬ አብደን ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ሁለታችንም በአንድ ጤና ጣቢያ የምንሠራ ጤና ረዳቶች ነን። አዲሱ የክልሉ ጤና ቢሮ ፈተና ያለፉትን ለነርስነት ሊያሠለጥን ነው ሲባል መጽሐፍ ይዘን ባሮ ወንዝ ዳር ከተምን። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፣ እሱ ኑዌር ነው። ከእሱ ጋር ማጥናት ከሳቅ ጋር መታገል ነው።

የነርቭ ምዕራፍ ላይ ስንደርስማ ጭራሽ ለየልን። ያየነው ሁሉ ታማሚ ሆነ። አንዱ ከአረቄ ቤት እየተንገዳገደ ሲወጣ «ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ታሟል» ይለኛል በሹክሹክታ። «የተለመደው መንስኤስ?» እለዋለሁ። «አረቄ» ይላል፤ ሆዳችንን ይዘን እንንፈራፈራለን። ልብስ የምታጥብ ሴትዮ እግሬ ደነዘዘ ብላ ብትነሳ እኔ ስኳር ነው፣ እሱ የቫይታሚን እጥረት ነው ብለን ተከራከርን። «ቁጢጥ ብዬ ስለቆየሁ ነው፣ እናንተ ጉዶች» አለችን።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኛዬ አፉ ወደ ግራ ተጣሞ ሥራ ገባ። ሻይ ሲጠጣ በቀኝ በኩል ይፈስበታል። መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ አፍ ከተጣመመ ግንባር ይታያል። በሁለቱም በኩል ከተሸበሸበ ችግሩ አንጎል ውስጥ ነው፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል አልሸበሸብ ካለ የፊት ነርቩ ራሱ ነው፣ አብዛኛው ሰው ይድናል።

«ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ» አልኩት። አነሳ። ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጉ መስመሮች ታዩኝ። ስትሮክ ነው አልኩ በልቤ።

አልጋ ላይ አስተኛሁት፣ መጽሐፉን ቀማሁት።

«ፈተናውስ?» አለ።

«የምን ፈተና? ስትሮክ ነው፣ ነፍስህን ያዝ» አልኩት።

አመነኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ማመኑ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ እኔም ደጅ ወጥቼ አነባሁ።

ከሆስፒታል ለክትትል የሚመጡት አዛውንት ሐኪም ረፋድ ላይ ደረሱ። «ዶክተር፣ ግንባሩ በሁለቱም በኩል ይሸበሸባል» አልኳቸው። ቅንድቡን አስነሱት፣ ዓይኑን አስጨፈኑት። ቀኙ አልገጥም አለ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ እኮ መሸብሸብ አይደለም። እንደ ኑዌር ወግ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በስለት የተሰመረ ነው፤ ተኝቶም አይጠፋም። ልብ ብለሽ እዪ፣ የሚነሳው ግራው ብቻ ነው። የፊት ነርቭ ነው፣ ይሻለዋል።»

ጓደኛዬ በግማሽ ፊቱ መሳቅ ጀመረ። ግማሽ ፊት ሲስቅ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ሳቅን ማቆም አይቻልም። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ደስታው ራሱ አሰከረን።

ሳቁ ሲበርድለት ግን «ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ግንባሬን አይተሽው አታውቂም?» አለኝ።

ስድስቱን መስመሮች አይቻለሁ። ከዚያ አልፌ አላየሁም።

ቀኝ ዓይኑን በፕላስተር አሽጎ ተፈተነ። ከሳምንታት በኋላ ያለፉት ስም ዝርዝር ቢሮው በር ላይ ሲለጠፍ ሰዉን እየገፋን ቀረብን። ስሙን ሲያገኝ ሁለት ቅንድቦቹ እኩል ብድግ አሉ፣ መስመሮቹም አብረው ተነሡ። የእኔን ስም መፈለጉን ትቼ እሱን አየሁት።