ዑመይር ከእናቱ ጋር

ተሳካ! ኧረ ተሳካ! የምሥራቹ ግን የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ የሙንታሲር ነው።

ሙንታሲር ቡታጅራ ውስጥ፣ ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ አርባ ሊሞላው ነው። ስኳር በሽታው ዓይኑን እየወሰደበት፣ ዘንድሮ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል መለየት አቃተው። ስለዚህ በታይፒስትነት ያረጀሁት እኔ አነብለታለሁ፤ እሱ በቃሉ ያስጽፈኛል።

የሚሠራው ኦአርኤም ይባላል። በፕሮግራሙና በዳታቤዙ ሰንጠረዦች መካከል የሚቆም አስተርጓሚ በሉት። ተሠርቶ ያለቀው ከውጭ ሞልቷል። ሙንታሲርም ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ሲሠራ ያንን ተጠቅሞ፣ ምሳሌው ላይ እንዳገኘው እናትና ልጅን «በቤተሰብ ስም» አገናኘ። እኛ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስም የት አለ? እህቱ ባሂራ ሸረፋ እዚያው ክሊኒክ ወለደች፤ ልጇ በአባቱ ዑመይር ሙስተፋ ተባለ። ፕሮግራሙ አባቷ ሙስተፋ የሆነ ሌላ ሴት፣ ከድጄ ሙስተፋን፣ ፈልጎ እናቱ አደረጋት። ሕፃኑ አሞት የደም ውጤቱ ሲመጣ፣ «ቶሎ ይዘሽው ነይ» የሚለው ስልክ ለከድጄ ተደወለ።

«እኔ ልጅ የለኝም፣ ተሳስታችኋል» ብላ ዘጋችው።

ዑመይር በማግስቱ ተቀበረ። ባሂራ ከዚያ ወዲህ ወንድሟን አታናግረውም።

እሱም ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ የራሱን ሊሠራ ተቀመጠ።

«ይቺን መስመር ያጥፏት፣ ጋሽ አምሀ።»

«ትናንት አይደል እንዴ ስታለፋኝ የዋልከው?»

«ትገምታለች። የሚገምት ነገር አልፈልግም። ካልነገሩት አያገናኝ፤ ካላወቀ አላውቅም ይበል።»

«እንዲህ እያጠፋን ምን ሊቀረን ነው?»

«ዓይኔ ሲጠፋ በጭንቅላቴ የምይዘው።»

ዛሬ ከሰዓት ለሙከራ የሚገባውን ስም ራሱ መረጠ። በእናትየው የካርድ ቁጥር አገናኘነው።

«ምን ይላል?»

«ልጅ፦ ዑመይር ሙስተፋ። እናት፦ ባሂራ ሸረፋ።»

«ይድገሙት።»

ደገምኩለት። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ፤ አላየውም። «አልሐምዱሊላህ» አለና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ባሂራ ትወቀው፣ ጋሽዬ። እኔ ብሄድ በር አትከፍትልኝም።»

ለእኔ ትከፍታለች! ያለችው ቡኢ ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሳያመልጠኝ ልሩጥ።