ማከክ የከለከለው ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ራሴን ሰው ጭን ላይ ጥዬ፣ ቅማል እየተለቀመልኝ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ያኔ ከእናቴና ከእትዬ ዘሃራ ጋር ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አርመን ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ቀን ቀን በየማዳሞቿ ቤት እየዞረች ታጸዳለች፤ የወሎዋ እትዬ ዘሃራ ደግሞ ማር ሚካኤል የሚባል ሰፈር ያሉ ሕንፃዎችን ደረጃ አጥባ ትመለሳለች። ዝምድና የለንም፤ ግን እናቴም እንደ እኔ እትዬ ነበር የምትላት።

ያን ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ በየመንገዱ ጎማ እየተቃጠለ፣ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ብዙ ሰነበተ። ሲከፈት መምህራችን በር ላይ ቆማ በሁለት እርሳስ ፀጉራችንን እየከፈለች ታይ ጀመር። እኔ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ «ፓርዶን ሐቢብቲ»፣ ይቅርታ የእኔ ቆንጆ ብላ ጉንጬን ነካ አድርጋ ነው ከሰልፉ ያወጣችኝ። ልጆቹ ግን አይተዋል። ለእናቴም እስክጸዳ ድረስ ቤት እንድቆይ ተነገራት።

እናቴ እጄን እየጎተተች ወሰደችኝ። ቤት ስንገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መቀስ አነሳች። «ኸላስ፣ ይላጫል! የሰው ቤት ሳጸዳ እየዋልኩ የእኔ ልጅ ቅማላም ትባል?» አለች። ትከሻዬን አልፎ የወረደ ፀጉር ነበረኝ፤ እሁድ እሁድ እሷው ራሷ ናት ሹሩባ የምትሠራኝ። ቤቱ የሰው፣ አገሩ የሰው ሆኖ የእኔ የምለው ነገር ያ ፀጉር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር አልጋ ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

«ኧረ በአላህ ተይ!» ብላ እትዬ ዘሃራ መቀሱን ከእጇ ወሰደችባት። «ቅማል ማዳም፣ ሠራተኛ ብሎ አይመርጥም። እስከ እሁድ ስጪኝ። እስከዚያ ካልጠፋ ያኔ ትላጫታለሽ።»

ሲመሽ ካህረባው፣ የመንግሥቱ መብራት፣ ይጠፋል። የጄኔሬተሩን መብራት ለማስገባት አቅሙ ስላልነበረን ሻማ እናበራለን፤ በመስኮቱም ከሩቅ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይገባል። እትዬ ዘሃራ በዚያ ብርሃን ፀጉሬን በኮንዲሽነር ታርስና በቀጭን ማበጠሪያ ከሥሩ እየሳበች፣ የወጣውን ነጭ ፎጣ ላይ ትጠርጋለች። ደግሞ ሰልችቶኝ እንዳልነሳባት ተረት ታመጣለች። «ተረት ተረት» ስትለኝ «የላም በረት» እላለሁ፤ ላም ግን ከአይብ ካርቶን ላይ ካለው ሥዕል በቀር አይቼ አላውቅም።

አንድ ንጉሥ ነበር አለች። ራሱን ቅማል ይበላዋል፤ ንጉሥ ቅማል አለው እንዳይባል ግን ያፍራል። ሰው ሲያክ ባየ ቁጥር የራሱ እየባሰበት ሲቸገር፣ በአገሩ ማንም እንዳያክ አዋጅ አስነገረ። መኳንንቱ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይቀመጡ ጀመር። እትዬ ዘሃራ እነሱን ለማስመሰል ጀርባዋን ከግድግዳው ጋር ታፋትገዋለች፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ቤተ መንግሥት ገብታ፣ ንጉሡ ፊት ቁጭ ብላ ራሷን ማከክ ጀመረች። እዚህ ላይ ስትደርስ «ያላ፣ የቀረው ነገ!» ብላ ሻማውን እፍ። ብለምናት፣ ብነጫነጭ ወይ ፍንክች! በነጋታውም አዲስ መስፍን ጨምራ፣ የሚያሳክከውን ቦታ ለውጣ እዚያው አሮጊቷ ጋ ታቆመዋለች።

ጉዱ ግን ሌላ ነበር። ማታ ጸድቼ እተኛለሁ፤ በማግስቱ ፎጣው ላይ ደግሞ ሌላ ይወርዳል። እሁድ አመሻሽ ላይ እናቴ ፎጣውን አየችና «ኸላስ፣ አልኩሽ እኮ» ብላ መቀሱን አነሳች። ፀጉሬን በሁለት እጄ ያዝኩ። እትዬ ዘሃራ ግን ፎጣውን ትታ እናቴን ነበር የምታየው። እናቴ ያን ሳምንት ሻሿን ቤት ውስጥም አላወለቀችም፤ እኔ በርዷት መስሎኝ ነበር። እኔና እሷ ደግሞ አንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ትራስ ነው የምንተኛው።

«መጀመሪያ ተረቱን ልጨርስ» አለች እትዬ ዘሃራ። «ንጉሡ አሮጊቷን ‹እንዴት ደፈርሽ?› አላት። ‹ጌታዬ፣ የሚቀምለኝ ዘመድ ባጣ ነዋ! እርስዎም ያጡ ይመስለኛል። ዘውድዎን ያውርዱና ራስዎን ጭኔ ላይ ያድርጉ› አለችው።»

ከዚያ ጭኗን መታ መታ አድርጋ ወደ እናቴ ዞረች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነይ፣ ልጄ» አለቻት።

እናቴ መቀሱን እንደያዘች ቆመች። «ማዳሜ ካወቀች ታባርረኛለች እኮ፣ እትዬ» አለች። ሻሿን ፈታች፤ መቀሱን አልጋው ላይ ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ራሷን እትዬ ዘሃራ ጭን ላይ አደረገች። እያለቀሰች ነበር። እትዬ ዘሃራ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች፣ ተረቱን እንደ አዲስ እያወራችላት ታበጥራለች፤ እኔ ሻማውን ይዤ አበራለሁ።

ሁለታችንም አብረን ከጸዳን በኋላ ቅማሉ ጠፋ። ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሬ ፀጉሬን ከፍላ አየችና «ብራቮ» አለችኝ፤ ሹሩባዬም አልተነካም። በሚቀጥለው ዓመት ኑሮው ሲከፋ እትዬ ዘሃራ አገሯ ገባች።

አሁን ትልቅ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ማታ ደስ ያለኝ ፀጉሬ ስለተረፈ ብቻ አይደለም። እናቴ ያኔ ለእኔ የማትደክም፣ የማትፈራ ሰው ነበረች። እሷን «ልጄ» የሚላት ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤይሩት ከገባች ጀምሮ የስንት ማዳም ልጅ ራስ አበጥራለች፤ ያን ማታ ግን ሌላ ሰው ራሷን ይዞላት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ተረት እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።