ውሃ አልጠጣ ያለው ጥድ

እትዬ ባልዲ የአንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሕንጻው ልጆች ናቸው፤ ገና በደረሰ ቁጥር መግቢያው ላይ የሚቆመውን ጥድ በባልዲ ውሃ ሲያጠጡ ስለሚያዩዋቸው። እዚህ ከመግባታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ እየተኮሱ ኖረዋል። እዚያ ከሶኬት የተነሳ እሳት መጋረጃ ሲበላ አይተዋል፤ ግራ እጃቸው ላይ ጠባሳው አለ። ስለዚያ ቀን ብዙ አያወሩም።

ዘንድሮ የመጣው ጥድ ግንዱ ወፍሮ ውሃ የሚሞላበት ማቆሚያው ውስጥ አልገባ አለ። እትዬ ባልዲ ሐኪም ቤት ሄደው ስለነበር፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው አናጢ ግንዱን ዙሪያውን ልጦ፣ አቅጥኖ አስገባው። መብራትም ተጠመጠመበት፤ ሁሉም አመሰገነው።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ባልዲ ጎንበስ ብለው ማቆሚያውን አዩት። ትናንት የሞሉት ውሃ እንዳለ ነው። ቅርንጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ቅጠሉ እፍኛቸው ላይ ረገፈ። መብራቱን ነቀሉና አናጢውን አስጠሩት።

«ልጄ፣ አንተ ነህ የላጥከው?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ አልገባ አለኝ።»

«ታዲያ ጉሮሮውን ቆርጠህ ነዋ ያስገባኸው!»

«መሐሉ እኮ አለ።»

«ውሃ የሚስበው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነው። አንተ መቼም የምታውቀው የሞተ እንጨት ነው።»

አናጢው ፊቱ ቀላ። የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ ጫጫታውን ሰምተው ወረዱ።

«ይሄ ዛፍ ዛሬውኑ ይውጣ» አሏቸው እትዬ ባልዲ።

«እንዴ! በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው። ልጆቹ ምን ይላሉ?»

«ያልቅሱ። የልጅ እንባ ቶሎ ይደርቃል።»

መምህርቷ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የመብራቱን ሽቦ ከዛፉ ላይ ሲፈታ የነበረው አናጢ ድንገት ቆመ። አንድ ቦታ ላይ የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ ደረቁ ቅጠል ላይ ተጣብቋል። ቅጠሉ ጠቁሯል። አናጢው ሽቦውን አሳያቸው። መምህርቷ አይተው፣ «ይውጣ» አሉ፤ ዛፉን ሲያወጡም በሩን ራሳቸው ያዙላቸው።

ከሰዓት በኋላ አናጢው አነስ ያለ ጥድ ተሸክሞ መጣ። መጋዙን አውጥቶ፣ «የት ጋ ልቁረጥ?» አለ።

«ከታች፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ቀጥ አርገህ። ቅርፊቱን እንዳትነካ።»

እሱ ቆረጠ፤ ወዲያውም አብረው ውሃ ውስጥ አቆሙት። ቦታውንም መግቢያው ላይ ካለው ማሞቂያና ከደረጃው ራቅ አደረጉት። አዲስ የመብራት ሽቦ ተገዛ፤ እትዬ ባልዲ ሥራ ላይ ካልሆኑ ግን አይሰካም ተባለ።

ልጆቹ አኮረፉ። አንዷማ ዛፉን ሽቅብ ቁልቁል አይታ፣ «ይሄ የዛፉ ልጅ ነው እንጂ ዛፉ አይደለም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ባልዲ ውሃው ግማሽ ድረስ ወርዶ አገኙት። አናጢው ወደ ሥራ ሲወጣ ቆም አለና፣ «ጠጣ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠጣ እንጂ! እንደ ግመል ነው የጠጣው» አሉና ባልዲያቸውን ሊሞሉ ሄዱ።