ሰባተኛው ረድፍ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመኪና ማመላለሻ መርከብ ላይ መኪና የሚቆምበትን ወለል ስትለካ ኖራለች። ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ለሁሉም «እትዬ ሜትር» ናት። የፈሰሰ ናፍጣ፣ የጎማ ጭቃ፣ ማዕበል ያጥወለወለው ተሳፋሪ ያስመለሰው፤ በዚያ ሁሉ ላይ በጉልበቷ ሄዳለች። እሱን ለምዳዋለች። ዛሬም ድረስ የሚያቅለሸልሻት የሰው ውሸት ነው።

ሜትሩን ዘርግታ ከጨረሰች በኋላ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ከረጢት ታቅፋ በቆሙት መኪኖች መሃል ታልፋለች። ከረጢቱን «ልጄ» ትለዋለች። እሳት ቢነሳ ሕፃን የታቀፈች እናት የማታልፍበት ክፍተት ለእሷ ቦታ አይባልም። መርከበኞቹ «ልጅሽ ዛሬም አልዳኸም?» እያሉ ይቀልዱባታል።

ያን ዕለት ጠዋት ስትገባ የቀለም ሽታ ተቀበላት። ስድስት የነበረው ረድፍ ሰባት ሆኗል። የድሮው መስመር በጥቁር ተለቅልቆ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ አምስት የነበረው የረድፍ ስፋት ወደ ሁለት ሜትር ከአሥር ወርዷል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን ልኬት የሚያጸድቀውን ፎርም ይዞ ቆሟል፤ እሷ ካልፈረመች መርከቡ አይጭንም።

«መኪናውን እንዴት ለካችሁት?» አለችው።

«ከጎን እስከ ጎን፣ ስፖኪዮው ታጥፎ።»

«በሩስ?»

«በሩ ምን ሆነ?»

«ተዘግቶ ነዋ የለካችሁት! ሰውዬው በምን ሊወጣ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ጉዞው አርባ ደቂቃ ነው። ቁጭ ይበላ!»

አንገሸገሻት። «እሺ ጌታው፣ መጀመሪያ አንተ ቁጭ በላ። መኪናህን አስገባና በበሩ ውጣ፤ ያኔ እፈርማለሁ።»

ሰው እያየው እምቢ ለማለት አፈረ። መኪናውን ይዞ መሃል ረድፍ ላይ ገባ፤ ግራና ቀኝ መኪና አስጠጋችበት። በሩ ስንዝር ከምናምን ተከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ተላተመ። እግሩ ወጣ፣ ትከሻውም እንደምንም ወጣ፣ ሆዱ ግን እዚያው ተቀረቀረ። ላቡ ተንቆረቆረ።

«ኧረ መኪናውን አንሱልኝ!»

«ምን ያስቸኩልሃል? አርባ ደቂቃ ነው» አለችው፣ ከረጢቷን እንደታቀፈች።

መርከበኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ በዚያ ሆድ ቦታ የሚታያት ሕፃን ነበር።

መኪናው ሲነሳለት ሱሪውን አራገፈ፣ ፎርሙን ቀደደ፣ ከዚያ ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው ቀለም ቀቢ ላይ ዞረበት። «ይሄን የማይረባ ነገር ማን ሥራ አለህ? ስድስት ረድፍ አይደል እንዴ ያልኩህ!»

ሰውዬው ትናንት ማታ ሰባት ረድፍ ሲቀባ ያመሸው በራሱ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነበር።

እትዬ ሜትር ከመርከቡ ጫፍ ወደ ውኃው ጢቅ ብላ ተፋች። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ሜትሩን ዘረጋች።

«ተወው ወንድሜ፣ ቀለምህን አምጣ» አለችው ቀቢውን። «ሁለት ከአርባ አምስት። ያችን ጫፍ ያዝልኝ።»